ያገለገለ የሲ.አር.ቲ. ሞኒተር በአነስተኛ ገንዘብ ስለ መምረጥ

በቅሎ የሚገዛ ሰው አፏን ከፍቶ ጥርሷን ሳያይ ገንዘቡን አይቆጥርም። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴም እንዲሁ ነው፤ ገንዘቡን የሚከፍለው ለዕቃው መልክ ሳይሆን ለቀሪ ዕድሜው መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል። ይህ ደንብ ለማናቸውም ዕቃ የሚሠራ ሲሆን፣ በተለይ ግን የመስተዋት ቱቦ ላለው የኮምፒውተር ሞኒተር፣ ይኸውም ሲ.አር.ቲ. ለሚባለው፣ እጅግ አስፈላጊ ነው። ምክንያቱም የዚህ ዕቃ ዕድሜ የሚያልቀው ከውጭ በማይታይ ስፍራ ስለ ሆነ ነው።

ታላላቆቹ ፋብሪካዎች ለጠረጴዛ ኮምፒውተር የሚሆን ይህን ዐይነት ቱቦ መሥራት ካቆሙ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ዛሬ በገበያ የሚገኘው ያገለገለ ወይም በመጋዘን የከረመ ነው። መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ያረጀ ንብረቱን በጨረታ ሲያወጣ፣ ደላላ ወይም ቁራሌው ሲያቀርብ፣ ባለሱቁ ፈጥኖ መወሰን ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ የሚረዳው ትምህርት ከዚህ ቀጥሎ በተራ ተገልጿል።

1. ከሁሉ አስቀድሞ፦ ለምን ሥራ ተፈለገ?

ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ሒሳብ ለመያዝ ወይም ደረሰኝ ለማተም የሚያገለግል ስክሪን የሚፈልግ ሰው፣ ያገለገለ ፍላት ስክሪን ቢገዛ ይሻለዋል። ፍላቱ ቀላል ነው፤ መብራት ይቆጥባል፤ ጠረጴዛም አያጣብብም። በርካሽነቱ ብቻ ተስቦ ቱቦውን የሚገዛ ባለሱቅ መጨረሻው ኪሳራ መሆኑን ከዚህ በታች ያለው ሒሳብ ያስረዳል።

ሆኖም ቱቦውን በሌላ ዕቃ ለመተካት የሚያስቸግርባቸው ሥራዎች አሉ። ለቱቦ ስክሪን ታስበው የተሠሩ የቆዩ የቪዲዮ ጨዋታዎችን የሚጫወቱ ሰዎች ይመርጡታል፤ ሥዕሉ ሳይዘገይ ወዲያው ስለሚታይና ስክሪኑ ላይ እየተነጣጠረ የሚተኮስበት የቀድሞው የጨዋታ ጠመንጃ በፍላት ላይ ስለማይሠራ ነው። ከቱቦ ስክሪን ጋር አብረው የተሠሩ አንዳንድ የቆዩ የፋብሪካና የላቦራቶሪ መሣሪያዎችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። በውጭ አገር ደግሞ ሰብሳቢዎች ጥሩ ጥሩዎቹን በከፍተኛ ዋጋ ይገዛሉ፤ ለምሳሌ ጂ.ዲ.ኤም.-ኤፍ.ደብሊው.900 የተባለው የሶኒ 24 ኢንች ሞኒተር በጣም ተፈላጊ ነው። እንግዲህ ባለሱቁ ገዥው ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ዕቃውን አያከማች።

2. ቱቦው እንዴት ይሠራል? እንዴትስ ያረጃል?

ይህን ቱቦ የጀርመኑ ሊቅ ካርል ፈርዲናንድ ብራውን የፈለሰፈው በ1889 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዓመቱ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የፈረንሳዩ መልእክተኛ ላጋርድ ውል የተዋዋሉበትም ነው። የአሠራሩ መሠረት ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም። በቱቦው አንገት ውስጥ ያለው ካቶድ ሲግል ኤሌክትሮን ይተፋል። ይህም ጨረር በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኀይል ተስቦ ወደ ፊት ለፊቱ መስተዋት ይወረወራል፤ በዚያም በተቀባው ፎስፈር ላይ ሲያርፍ ብርሃን ይሰጣል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለሞች እንዳይደባለቁ ከመስተዋቱ ጀርባ የብረት ወንፊት ይደረጋል።

ወንፊቱ በብዛት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳ ቆርቆሮ ነው። ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ የተወጠሩ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ያሉት ነው። ይህን ሁለተኛውን የሶኒ ኩባንያ ትሪኒትሮን ብሎ እ.ኤ.አ. በ1968 አወጣው፤ ሚትሱቢሺም ዳይመንድትሮን በሚል ስም ተመሳሳዩን ሠራ። ባለዘንጉ ብዙ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሥዕሉ ደማቅ ነው። ዘንጎቹ እንዳይንቀጠቀጡ የሚይዝ አንድ ወይም ሁለት ቀጭን ሽቦ በአግድም ስለሚያልፍ፣ በነጭ ገጽ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥላ ይታያል። ይህ የፋብሪካው አሠራር እንጂ ብልሽት አይደለም፤ ይህን የማያውቅ ገዥ ግን ጥሩውን ዕቃ ጥሎ መጥፎውን ይወስዳል።

ካቶዱ በሠራ ቍጥር ኀይሉ ይደክማል። ጠጋኞች «ፒክቸር ቲዩቡ ደከመ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ሣጥኑ ቢታጠብና ቢወለወል የደከመ ካቶድ አይታደስም። ስለዚህ ምርመራው ሁሉ የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው።

3. ከጀርባው የሚነበበው ጽሑፍ

ሞኒተሩ ሳይበራ በፊት በጀርባው የተለጠፈው ወረቀት ይነበብ።

በመጀመሪያ የቮልት መጠን ይታይ። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ብዙዎቹ የኮምፒውተር ሞኒተሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ ነገር ግን ከአሜሪካ የመጣ ሆኖ 110 ወይም 120 ቮልት ብቻ የተጻፈበት ቢሆን፣ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላልና ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ይህም ወጪ በዋጋው ላይ ይታሰብ።

ቀጥሎ የተሠራበት ዓመት ይታይ። ሁለት አንድ ዐይነት ሞኒተሮች ቢቀርቡ የኋለኛው ይመረጣል፤ ሆኖም ዓመቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቀንና ሌሊት ከሠራ አዲስ ይልቅ ጥቂት የሠራ አሮጌ ይሻላል።

ሦስተኛው መጠኑ ነው። 17 ኢንች ተብሎ የሚሸጠው ሞኒተር የሚታየው ገጽ 16 ኢንች ያህል ብቻ ነው፤ የ15 ኢንቹም 14 ኢንች ያህል ነው። ቀሪው በሣጥኑ ጠርዝ ይሸፈናል። ለደንበኛ ሲሸጥ ይህ በግልጽ ቢነገረው ክርክር አይነሣም።

አራተኛውና ዋናው የአግድም ፍጥነቱ ነው፤ ይህም በኪሎኸርዝ ይጻፋል። ሥዕሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ ብቻ ሲታደስ ዐይን የሚያደክም ብልጭታ ይሰማል፤ 75 ሲሆን ይሻላል፤ 85 ሲሆን አብዛኛው ሰው አያስተውለውም። በ1024 በ768 ነጥብ ሥዕሉን 85 ጊዜ ለማደስ 69 ኪሎኸርዝ ያህል ያስፈልጋል። በ1280 በ1024 ነጥብ 91 ያህል፣ በ1600 በ1200 ደግሞ 106 ያህል ይጠይቃል። እንግዲህ ገንዘቡ አነስተኛ የሆነ ገዥ 70 ኪሎኸርዝ የሚደርስ የ17 ኢንች ሞኒተር ቢያገኝ ለተራ ሥራ ይበቃዋል፤ የ19 ኢንች ለመግዛት የሚሻ ግን 95 ገደማ የሚደርሰውን ይፈልግ።

የነጥብ ርቀት የሚባለውን ቍጥር በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በባለቀዳዳው ወንፊት ርቀቱ ብዙ ጊዜ በሰያፍ ሲለካ፣ በባለዘንጉ ግን በአግድም ይለካል። ስለዚህ በሰያፍ የተለካው 0.28 ሚሊሜትር በአግድም ከተለካው 0.24 ጋር ተቀራራቢ ነው። ሻጭ ቍጥሩን ብቻ ጠርቶ «ይህ ይበልጣል» ቢል አነጋገሩ ሙሉ አይደለም።

በተጨማሪም ቲ.ሲ.ኦ. 95 ወይም ቲ.ሲ.ኦ. 99 የሚል ምልክት ቢገኝ መልካም ነው። ይህ ምልክት በስዊድን የሠራተኞች ማኅበር ከተነሣው የጥራት ደንብ የመጣ ሲሆን፣ ሞኒተሩ ጥብቅ ምርመራ ያለፈ ዐይነት መሆኑን ያመለክታል።

4. አብርቶ ስለ መመርመር

ሞኒተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይብራ። ገዥው ከመድረሱ በፊት ሻጭ አብርቶት ቢያቆይ፣ አጥፍቶ ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲያቆየው ይጠየቅ። የደከመ ካቶድ ቀስ ብሎ ስለሚግል፣ ብርሃኑ ለመድመቅ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፤ ቀድሞ የሞቀ ሞኒተር ይህን ነውር ይሸፍነዋል። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሠርቶ እስኪረጋ ይቆይና የሚከተሉት ይታዩ።

ሀ) ጥቁር ገጽ። የብርሃን መጠኑ ወደ መካከል ተደርጎ ጥቁሩ ጥቁር መሆን አለበት። እስከ መጨረሻው ዝቅ ተደርጎም ገጹ ግራጫ ሆኖ ቢቀርና ሰያፍ መስመሮች ቢታዩ፣ የውስጥ ማስተካከያ ያሻዋል። በተቃራኒው ብርሃኑ እስከ ጫፍ ተከፍቶ ሥዕሉ ደብዛዛ ቢሆን ቱቦው አልቋል፤ አይገዛ።

ለ) ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ገጾች በየተራ። እያንዳንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ መሆን ይገባዋል። ደማቅ ነገር ወደ ቀኝ በኩል እንደ ጭራ ቢጎተት ካቶዱ ደክሟል ማለት ነው። ሁሉም ነገር ቢጫ ቢመስል ሰማያዊው ጠፍቷል፤ ሐምራዊ ቢመስል አረንጓዴው ጠፍቷል። በዚህ ጊዜ ግን ወዲያው ተስፋ አይቆረጥ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከገመዱ ወይም ከታጠፈ የሶኬት እግር ይሆናልና ገመዱን ነቅነቅ አድርጎ ማየት ይገባል።

ሐ) ጥቃቅን ፊደሎች በመካከልና በአራቱ ማዕዘን። በመካከሉ የሚነበበው ጽሑፍ በማዕዘኑ ቢደበዝዝ ወይም ባለሁለት ቀለም ጠርዝ ቢያወጣ፣ መጠነኛው የተለመደ ነው፤ ከበዛ ግን ዋጋው ይቀነስ።

መ) ቀጥተኛ መስመሮች። ጎኑ ወደ ውስጥ ቢሰረጉድ ወይም ወደ ውጭ ቢቆለመም፣ ብዙውን ጊዜ በሞኒተሩ የራሱ ማስተካከያ ይቃናል። ያልተማረ ሻጭ ይህን እንደ ትልቅ ብልሽት ቈጥሮ በርካሽ ይለቀዋል፤ ዐዋቂ ገዥም የሚያተርፈው በዚህ ጊዜ ነው።

ሠ) በገጹ ላይ የተቃጠለ ጽሑፍ። ለብዙ ዓመታት አንድ ዐይነት ሥዕል ይዞ የኖረ ሞኒተር የዚያን ጽሑፍ ጥላ ለዘለዓለም ይዞ ይቀራል። ይህ አይታከምም።

ባጭሩ፣ በማስተካከያ፣ በገመድና በጽዳት የሚድነው ጕድለት የመደራደሪያ ምክንያት ሲሆን፣ የደከመ ካቶድ፣ የተቃጠለ ፎስፈርና የተጫረ መስተዋት ግን የመተው ምክንያት ነው።

5. የአዲስ አበባና የእንጦጦ ግርጌ ልዩ ጠባይ

ብዙ ነጋዴዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። የኤሌክትሮኑ ጨረር በምድር የማግኔት ኀይል ከመንገዱ ጥቂት ይዘነበላል። በአውሮፓ ይህ ኀይል ወደ መሬት ውስጥ አዘቅዝቆ ይወርዳል። አዲስ አበባ ግን በማግኔት ወገብ አቅራቢያ ስለምትገኝ፣ ኀይሉ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1958 በአራት ኪሎ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ለሳይንስ ዓለም ጠቃሚ ከሆነባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ፋብሪካዎችም አንዳንድ ሞኒተሮችን ለሰሜን፣ ለደቡብና ለምድር ወገብ አገሮች ለየብቻ ያስተካክሉ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ሞኒተር በማዕዘኖቹ የቀለም ነጠብጣብ ቢያሳይ፣ ቱቦው ሳይበላሽ የቦታው ለውጥ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ ዲጋውስ የሚለው ትእዛዝ ይሞከር። ሁለተኛ፣ ፊቱ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የዞረ ሞኒተር ሥዕሉ ጥቂት ሊያዘነብል ይችላል፤ ይህም በማዞሪያ ማስተካከያው ይቃናል፤ ወይም ጠረጴዛው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ይመለስ። ሦስተኛ፣ ማግኔት ያለው የድምፅ ማጉያ ከአጠገቡ ይራቅ።

ሁለተኛው ጠባይ ከፍታ ነው። የአዲስ አበባ አየር ግፊት ከባሕር ጠረፍ አየር ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። የሳሳ አየር ዕቃን በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ከፍተኛውንም ቮልት በደንብ አያግድም። በዚህ ላይ የክረምት እርጥበትና አቧራ ሲጨመር፣ በሞኒተሩ ውስጥ የመንጣጣት ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ካልተቋረጠ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለ ወዲያው ይጥፋ፤ ፍላይባክ የሚባለው ክፍል ሊቃጠል ነውና። በአገልግሎት ጊዜም የአየር መውጫ ቀዳዳዎቹ በጨርቅ ወይም በዕቃ አይሸፈኑ።

6. ሒሳቡ

ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ባለሱቅ 10 ሞኒተሮችን ሳይመረምር እያንዳንዱን በ900 ብር ገዛ እንበል። ያወጣው 9,000 ብር ነው። ከእነዚህ 4ቱ የማይሠሩ ቢሆኑ፣ የተቀሩት 6ቱ እያንዳንዳቸው 1,500 ብር ቆሙበት ማለት ነው። የማጓጓዣውና የማስወገጃው ወጪ ገና አልተቈጠረም። መርምሮ 6ቱን ብቻ በ1,200 ብር የገዛ ጎረቤቱ ግን 7,200 ብር ብቻ አውጥቶ፣ የሚያስወግደው ቆሻሻ የለበትም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው በንግድም ይሠራል።

የመብራቱም ሒሳብ ይታሰብ። 90 ዋት የሚበላ የ17 ኢንች ቱቦ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 216 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። 20 ዋት የሚበላ ፍላት ግን በዚያው ጊዜ 48 ብቻ ይፈጃል። ልዩነቱ 168 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለሱቁ ይህን በሚከፍልበት ታሪፍ አባዝቶ፣ ሊያገለግል በሚያስበው ዓመት ቢያሰላው፣ ርካሽ የመሰለው ዕቃ ውድ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

7. ስለ ጥንቃቄ

በቱቦው ውስጥ 25,000 ቮልት ያህል ይደርሳል፤ ይህም ኀይል ሞኒተሩ ከመብራት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ታምቆ ይቆያል። ስለዚህ ሣጥኑን የሚከፍተው የሠለጠነ ጠጋኝ ብቻ ይሁን። ቱቦው አየር የተመጠጠበት ስለ ሆነ ቢመታ ወደ ውስጥ ፈንድቶ ስባሪው ይበተናል፤ እጅግ ደካማው ስፍራው አንገቱ ነው። የ17 ኢንች ሞኒተር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናልና፣ የሚሸከመው ሰው የመስተዋቱን ፊት ወደ ደረቱ አድርጎ ይያዘው።

በመስተዋቱም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት በኪሎ የሚቈጠር ይገኛል። መዳቡን ለማውጣት ቱቦውን በድንጋይ የሚሰብሩ ሰዎች፣ ራሳቸውንና በአካባቢያቸው የሚጫወቱትን ሕፃናት ለመርዝ ያጋልጣሉ፤ ስባሪው በወንዝ ዳር ከተጣለም ጉዳቱ እስከ ታች ሰፈር ይወርዳል። የማይሠራውን ሞኒተር ለማንም ፈላጭ አሳልፎ የሚሰጥ ነጋዴ ከዚህ ጉዳት ነጻ ነኝ ሊል አይችልም።

8. ስለ ሕጉና ስለ ውጭ ንግዱ

ኢትዮጵያ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር ስለሚተላለፍበት ሁኔታ የተደረገውን የባዝል ስምምነት በ1992 ዓ.ም. ተቀብላለች። በአገር ውስጥም የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቷል። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በባዝል ስምምነት መሠረት፣ አደገኛም ሆነ አደገኛ ያልሆነ ማናቸውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ድንበር ከመሻገሩ በፊት ላኪው አገር አስታውቆ የተቀባዩን አገር ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ሆኗል።

ስለዚህ ለውጭ ሰብሳቢ ሞኒተር ለመላክ ያሰበ ላኪ፣ ወይም ያገለገለ ዕቃ በኮንቴይነር ለማስገባት ያሰበ አስመጪ፣ እያንዳንዱ ሞኒተር ተፈትኖ የሚሠራ መሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍ ከነመለያ ቍጥሩ ይያዝ፤ ዕቃውም እንዳይሰበር ሆኖ በሚገባ ይታሸግ። ያልተፈተነና ያልታሸገ ጭነት በጉምሩክ ዘንድ እንደ ቆሻሻ ሊቈጠር ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የመመለሻው ኪራይ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። ዕቃው ሳይጫን ከሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ከብዙ ኪሳራ ያድናል።

ማጠቃለያ

ገዥው በመጀመሪያ ቱቦ የሚያስፈልገው ሥራ መኖሩን ያረጋግጥ፤ ከሌለ ፍላቱን ይግዛ። ካለ ደግሞ የጀርባውን ጽሑፍ ያንብብ፤ ሞኒተሩን ቀዝቅዞ ሳለ ያብራ፤ ጥቁሩን፣ ነጩንና ሦስቱን ቀለሞች ይመልከት፤ የሚድነውን ጕድለት ከማይድነው ይለይ፤ ከተቻለም በሚቀመጥበት ቦታና አቅጣጫ ይሞክረው። ሻጭ ሞኒተሩን ለማብራት ፈቃደኛ ካልሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ግዢው ይቅር። በዚህ ዐይነት የሚገዛ ባለሱቅ ገንዘቡንም የደንበኛውንም እምነት ይጠብቃል፤ ለሰፈሩም መርዝ አያተርፍም።